አክተሩ ሲሞት

ሲኒማ ቤትና ቪዲዮ ቤት ያሳደገው የእኛ አገር ተመልካች አንድ የማይናወጥ እምነት ነበረው፤ አክተር አይሞትም። ጥይት ቢዘንብ፣ ፎቅ ቢናድ፣ መኪናው ገደል ቢገባ፣ መሪው ሰውዬ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። በፊልሙ መካከል አንዱ ልጅ ተደናግጦ «ሞተ እንዴ?» ሲል፣ አጠገቡ የተቀመጠው «አክተሩ እኮ ነው!» ብሎ ያረጋጋዋል። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር። ይህን እምነት የልጅነት የዋህነት ብቻ አድርጌ አላየውም። በዳይ መቀጣት አለበት፣ ተበዳይም በሕይወት ቆሞ ቅጣቱን ማየት አለበት የሚል የፍትሕ ጥማት ከሥሩ አለ። በኑሯችን ያላገኘነውን ቢያንስ በስክሪኑ ላይ እንዲሰጡን እንጠብቃለን።

የሕንዱ አሚታብ ባቻን ይህን እምነት ደጋግሞ ያፈረሰ ተዋናይ ነው። በ«ዲዋር» ይሞታል፤ በ«ሾሌ» ይሞታል፤ ሁለቱም የወጡት በ1975 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1978 በወጣው «ሙቃዳር ካ ሲካንዳር»፣ በ1982 በወጣው «ሻክቲ»፣ በ1990 በወጣው «አግኒፓት»ም ይሞታል። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሠራቸውን ፊልሞች ዛሬ በረጋ ልብ ስናይ አንዳንዶቹ እንደ አዲስ ይይዙናል፤ ሌሎቹን ደግሞ ለትዝታ ያህል ካልሆነ ተቀምጦ መጨረስ ያቅታል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ምን እንደሆነ ለመመርመር ይህ ሞት ጥሩ መነሻ ይመስለኛል። አሚታብን ያነገሠው ቁጣው መሆኑን ሁሉም ያውቃል። መመርመር ያለበት ያ ቁጣ ዋጋ ሲያስከፍልና ሳያስከፍል ሲቀር ምን ዓይነት ፊልም እንደሚወጣው ነው።

ሰውየው በቁጣ አልጀመረም። በ1942 በአላሃባድ ከተማ ተወለደ፤ አባቱ ሃሪቫንሽ ራይ ባቻን ስመ ጥር የሂንዲ ቋንቋ ገጣሚ ነበሩ። ኦል ኢንዲያ ሬዲዮ ድምፁን ሳይቀበለው መቅረቱ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ያው ድምፅ በ1969 በምሪናል ሴን «ቡቫን ሾም» ፊልም ላይ ተራኪ ሆኖ ተሰማ፤ በዚያው ዓመት በ«ሳት ሂንዱስታኒ» መልኩም ታየ። በ1971 ደግሞ ሪሺኬሽ ሙከርጂ «አናንድ» በተሰኘው ፊልም ባስካር ባነርጂ የሚባል ዝምተኛ ሐኪም አደረገው። የፊልሙ መሪ ተዋናይ ያኔ የሕንድ ሲኒማ ንጉሥ የነበረው ራጄሽ ካና ነበር፤ ካንሰር እየገደለው የሚስቅና የሚያስቅ ሰው። ሐኪሙ በአንጻሩ የድሆችን በሽታ ማከም ቢችልም ድህነታቸውን ማከም ያልቻለ፣ ፊቱ የማይፈታ ብስጩ ወጣት ነው። አናንድ ሲሞት ሐኪሙ ሬሳውን ይቆጣዋል፤ እንዲናገር ያዘዋል። ያን ጊዜ ከቴፑ ክር ላይ የሟቹ ድምፅ ይነሳል። ማንንም የማይመታ፣ የሚመታውም ያጣ ቁጣ በዚያ ፊት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ ዘሩ እዚያ አለ።

ከዚያ ወዲያ ተከታታይ ፊልሞቹ ወደቁበት። ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር የተባሉት ጥንድ ደራስያን የጻፉትን «ዛንጂር» ይዞ ዳይሬክተሩ ፕራካሽ ሜህራ መሪ ተዋናይ ሲፈልግ፣ ስም ያላቸው ሁሉ በየምክንያታቸው አለፉት። ዕጣው አሚታብ ላይ ወደቀ፤ ፊልሙ በ1973 ወጣ። ታሪኩ ለእኛ ተመልካች ማብራሪያ የማያስፈልገው የደም መላሽ ታሪክ ነው። ቪጃይ የሚባለው የፖሊስ መኮንን በልጅነቱ ወላጆቹ ሲገደሉ ተደብቆ አይቷል፤ ከገዳዩ የቀረው ትዝታ እጁ ላይ የተንጠለጠለ የነጭ ፈረስ ጌጥ ብቻ ነው። ያ ፈረስ ካደገም በኋላ በሕልሙ እየጋለበ እንቅልፍ ይነሳዋል። ሼር ካን የተባለው የሰፈሩ ጉልበተኛ ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ ሊቀመጥ ሲል፣ ቪጃይ ወንበሩን በእግሩ ገፍትሮ ይህ ጣቢያ እንጂ የአባትህ ቤት አይደለም ይለዋል። የሕንድ ተመልካች እስከዚያ ድረስ የለመደው መሪ ተዋናይ አበባ መካከል የሚዘፍን ነበር። ቪጃይ በዚህ ፊልም አይዘፍንም።

በዚያው ዓመት፣ ከ«ዛንጂር» ጥቂት ወራት በኋላ፣ «አቢማን» ወጣ። ስለ አሚታብ ሲወራ ይህ ፊልም ወደ ጎን መተዉ ይቆጨኛል። አንድ ታዋቂ ዘፋኝ ድምፀ መረዋ ሴት ያገባል፤ አብራው እንድትዘፍን ያደርጋል፤ ከዚያ ሕዝብ ከእሱ ይልቅ እሷን ይወዳል። ባልየው ሲያጨበጭቡላት አብሮ ያጨበጭባል፤ ፊቱ ግን ቀስ በቀስ ይጠቁራል። ሚስት ሆና የተጫወተችው ጃያ ባዱሪ በእውነተኛው ኑሮም በዚያው ዓመት አግብታዋለች። ይህ ቁጣ ወላጅ የገደለ ጠላት የለውም፤ በሰፈር ጉልበተኛም ላይ አያርፍም። የሚያርፈው ምንም ባላጠፋች ሴት ላይ ነው፤ ፊልሙም ይህን አይሸሽግለትም። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ተዋናይ ቁጣ ፍትሕ ሲሆንም ቅናት ሲሆንም አሳይቷል። ሕዝቡ የመረጠው የመጀመሪያውን ነው። ምርጫው የሚገባ ነው፤ ያስከተለው ኪሳራ ግን ሲነገር አልሰማም።

ወደ «ዲዋር» ልምጣ። ያሽ ቾፕራ ያዘጋጀው፣ ሳሊምና ጃቬድ የጻፉት ይህ ፊልም የአሚታብ ሥራ ሁሉ መለኪያ ነው ብል አላጋነንኩም። የሠራተኛ ማኅበር መሪ የሆነ አባት ቤተሰቡ ሲታገትበት ባልደረቦቹን አሳልፎ የሚሰጥ ወረቀት ላይ ይፈርማል። ሠራተኞቹ ከሃዲ ይሉታል፤ ሐፍረቱን መሸከም አቅቶት ከቤት ይጠፋል። የተናደዱ ሰዎች የበኩር ልጁን ይዘው አባቴ ሌባ ነው የሚል ንቅሳት ክንዱ ላይ ይነቅሱታል። እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ቦምቤይ ትገባለች፤ ሕንጻ ሥራ ላይ ጡብ ተሸክማ ታሳድጋቸዋለች። ትልቁ ቪጃይ ጫማ እየጠረገ ታናሹን ራቪን ያስተምራል። ገና በዚያ ዕድሜው የወረወሩለትን ሳንቲም አያነሳም፤ በእጄ ስጡኝ ይላል።

ቪጃይ አድጎ ወደብ ላይ ጭነት ተሸካሚ ይሆናል። ደሞዝ በወጣ ቁጥር ከሠራተኛው ላይ ገንዘብ የሚቀሙትን ወሮበሎች አሻፈረኝ ሲል ይፈልጉታል። እሱ ግን ቀድሟቸው መጋዘናቸው ገብቶ፣ እግሩን ሰቅሎ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። በሩን ራሱ ይቆልፋል፤ ቁልፉንም ለአንደኛው ወርውሮ፣ ከኪስህ አውጥቼ ነው የምከፍተው ይለዋል። ድብድቡ ዛሬ ቢታይ ከሌላው ድብድብ የሚለየው ነገር የለም። የሚለየው ከድብድቡ በፊት ያለው ዝምታ ነው። አሚታብ ረጅም ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን ፊልሞቹ ቁመቱን የሚጠቀምበት ለማስፈራራት አልነበረም። ተጨራምቶ ይቀመጣል፤ ትከሻውን ያጥፋል፤ ለዚህ ዓለም የማይመጥን ሰው ሆኖ ይታያል። ሲነሳ ግን የተነሳው የሰውየው ቁመት ብቻ ሳይሆን ሲታፈን የኖረ ነገር እንደሆነ ሁሉም ይገባዋል። ሂንዲ የማይሰማው ተመልካችም ይገባዋል። የሕንድ ፊልም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ሲታይ ከአዳራሹ ስንቱ ቋንቋውን ይሰማ ነበር? ድምፁ ሲወርድ ነገር እንደመጣ፣ ሲሰበር እናቱ እንደተነሳች ለማወቅ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ አባቶች። ቪጃይ ይህን ተረት ባይሰማም እንደሰማ ሆኖ ይኖራል። እናቱና ወንድሙ ቤተ መቅደስ ሲገቡ እሱ ከደረጃው አያልፍም። ከልጅነቱ ጀምሮ ውጭ ነው የሚጠብቃቸው። አንድ ቀን ብቻ፣ እናቱ ልትሞት ስታጣጥር፣ ይገባል። በምስሉ ፊት ቆሞ ዛሬ ደስ ብሎህ ይሆናል እያለ አምላኩን መሞገት ይጀምራል። ለራሱ አይለምንም፤ እሷ ምን አጠፋች ነው ጥያቄው። ካሜራው ብዙ አይንቀሳቀስም። ተዋናዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምርና እኩያውን እንደሚወቅስ ሰው እየጋለ ይሄዳል። ብዙ የአሚታብ ፊልም ያየ ሰው በኋለኞቹ ዓመታት ይህን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንደደገመው ያውቃል፤ ከሐውልት ጋር፣ ከሬሳ ጋር፣ ከመስታወት ጋር ይነጋገራል። ከመጀመሪያው የሚስተካከል ግን አላየሁም፤ ምክንያቱም እዚህ ንግግሩ የሰውየውን ሽንፈት ነው የሚናገረው። ለሃያ ዓመት ያልገባበት ደጃፍ እናቱ አስገባችው።

ራቪ ፖሊስ ሆኖ፣ ቪጃይ ደግሞ በኮንትሮባንድ ሀብታም ሆኖ ሲፋጠጡ የፊልሙ ክርክር ይነሳል። ራቪ ጥፋትህን አምነህ ፈርም ይለዋል። ቪጃይም በፊት ክንዴ ላይ ይህን የጻፈውን ሰው፣ እናቴን የሰደበውን፣ አባቴን ያስፈረመውን አስፈርመህ ና ይለዋል። ወንድሙም የሌላው ኃጢአት የአንተን አያስተሰርይም ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ፊልሙን ያቆየውም ይኸው ነው። (በነገራችን ላይ ታናሽ ወንድም ሆኖ የተጫወተው ሻሺ ካፑር በዕድሜ የአሚታብ ታላቅ ነበር፤ ሲያዩት ግን ማንም አይጠረጥርም።) ራቪ ዳቦ ሰርቆ የሚሮጥ ልጅ እግር ላይ ተኩሶ፣ ከዚያ ምግብ ይዞ የልጁን ወላጆች ሊጠይቅ ይሄዳል። የልጁ አባት ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ትንሽም ተሰረቀ ብዙ ስርቆት ስርቆት ነው ይሉታል። ራቪ የወንድሙን ጉዳይ የሚይዘው ከዚህ በኋላ ነው። ሽጉጡን አንስታ የምትሰጠው እናታቸው ናት። ግዴታዋን ከተወጣች በኋላ እናትነቷ ይመለስና ልጇን ልትጠብቅ ወደ ቤተ መቅደሱ ትሄዳለች። ቪጃይ በታናሹ ጥይት ቆስሎ እዚያው ይደርሳል፤ ጭንቅላቱን እቅፏ ላይ አድርጎ ይሞታል።

ፊልሙ የሚጀምረው በሽልማት ሥነ ሥርዓት ነው፤ መንግሥት ለራቪ ሜዳልያ ይሰጠዋል፣ እሱም ለእናቱ ያበረክታል። ሕጉ አሸንፏል ማለት ነው። ከአዳራሹ ሲወጣ ግን ሰው በልቡ ይዞት የሚሄደው ሟቹን ነው። ይህ ስህተት ወይም የዳይሬክተሩ ድክመት አይደለም። ሞቱ ባይኖር ኖሮ ቪጃይ ሌባ ሆኖ ያመለጠ ሰው ብቻ ይሆን ነበር፤ ሞቱ ሲጨመርበት ቁጣው እውነተኛ፣ መንገዱ ግን ስህተት መሆኑን ሁለቱንም አንድ ላይ ተሸክመን እንድንወጣ ያደርገናል። ተመልካች ልክ ነህም አጥፍተሃልም ብሎ ማልቀስ ይችላል። ይህን ማስቻል ቀላል ጥበብ አይደለም።

«ሾሌ» የወጣው ነሐሴ 1975 ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጁ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ። ሳንሱሩ መጨረሻውን አስቀየረ፤ እጆቹን ያጣው የቀድሞ ፖሊስ ሽፍታውን በገዛ እግሩ ረግጦ እንዲገድል የተቀረጸው ቀርቶ፣ ፖሊስ ደርሶ ሽፍታውን እንዲያስር ተደረገ። ስለዚህ ፊልም ብዙ ስለተባለ ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ። ጃይ ሆኖ የሚጫወተው አሚታብ ማምሻውን በረንዳ ላይ ሆኖ አርሞኒካ ይነፋል፤ ከማዶ ባሏ የሞተባት ሴት ፋኖሶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች። ቃል አይነጋገሩም። በጫጫታ በተሞላ የሦስት ሰዓት ፊልም ውስጥ ያለው ፍቅር ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ሳንቲሙ ነው። ጃይ ውሳኔ ሲያስፈልግ ሁልጊዜ ሳንቲም ይወረውራል፤ ከሞተ በኋላ ጓደኛው ሲያየው የሳንቲሙ ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ነው። በዕጣ ያገኘ የመሰለውን ሁሉ ራሱ መርጦት ነበር፤ ሞቱንም ጭምር።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር መናገር አለብኝ። የእነዚህ ፊልሞች ፍትሕ የወንዶች ፍትሕ ነው። «ዛንጂር» ውስጥ ጃያ ባዱሪ ስትገባ በየመንገዱ ቢላ እየሳለች የምትኖር፣ ማንንም የማትፈራ ልጅ ሆና ነው። ቪጃይ ቤት ከገባች በኋላ ቢላዎቿም አንደበቷም ይረሳሉ። በ«ዲዋር» ቪጃይን የምትወደው አኒታ የራሷን ሐዘን የምትናገርበት ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቷት ትገደላለች፤ ሞቷ የሚያገለግለው የእሱን ቁጣ ለመቀስቀስ ነው። እናት ትመለካለች፤ ሌላዋ ሴት ግን ለታሪኩ ማገዶ ናት። ያኔ ሁሉም እንዲህ ይሠራ ነበር የሚለው መልስ አይበቃኝም፤ እነዚሁ ሰዎች «አቢማን»ን አይተዋል፣ ሴትን እንደ ሰው መጻፍ እንደሚቻል ያውቁ ነበር።

በቁጣው ዘመን ከተሠሩት ሁሉ ለእኔ የበለጠው «ሻክቲ» ነው። ራሜሽ ሲፒ አሚታብን ከታላቁ ዲሊፕ ኩማር ጋር አገናኘው። ዲሊፕ የፖሊስ መኮንን አባት ነው፤ አሚታብ ልጁ። ልጁ ሕፃን ሳለ ወንበዴዎች አግተውት አባቱን በስልክ ያስፈራሩታል። አባትም ብትገድሉትም ግዴታዬን አልክድም ይላቸዋል። ልጁ ይህን በጆሮው ይሰማል። ያመልጣል፤ ቃሉ ግን አብሮት ያድጋል። እንግዲህ እዚህ ጠላት የለም። አባትየው ክፉ አይደለም፤ ልጅየውም ውሸት አልሰማም። ቁጣው የሚያርፍበት አጥቶ እርስ በርስ በሚዋደዱ ሁለት ሰዎች መካከል ይዞራል። እናት ስትሞት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ልጅ የአባቱን ክንድ ይይዛል፣ አንድ ቃል አይወጣቸውም። የዚያን ዓመት የፊልምፌር የምርጥ ተዋናይ ሽልማት የወሰደው ዲሊፕ ኩማር ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ዲሊፕ እንዲያ ጎልቶ የወጣው አሚታብ በየትዕይንቱ ራሱን ስለቆጠበ ጭምር ነው። ገና ባልሰከነ ዕድሜ፣ ዝናው ጣራ በነካበት ጊዜ፣ ይህን ያህል መቆጠብ የታላቅ ተዋናይ ምልክት ነው።

በዚያው በ1982 ሐምሌ ባንጋሎር ውስጥ የማንሞሃን ዴሳይን «ኩሊ» ሲቀረጹ፣ በድብድብ ትዕይንት ላይ የጠረጴዛ ጠርዝ ሆዱን መታው። ለሞት ተቃረበ። ሕዝቡ ቦምቤይ በሚገኘው ብሪች ካንዲ ሆስፒታል ደጃፍ ቆመ፤ በቤተ መቅደስም በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ተጸለየ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሆስፒታል መጥተው ጠየቁት። ዳነ። ፊልሙ በ1983 ሲወጣ አደጋው የደረሰበት ቅጽበት ላይ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የተጎዳው እዚህ ላይ ነው የሚል ጽሑፍም ይነበባል። በመጀመሪያው ድርሰት የባቡር ጣቢያው ተሸካሚ ኢቅባል ተመትቶ ይሞት ነበር። ዴሳይ ግን ሕዝብ ጸልዮ ያተረፈውን ሰው በስክሪን መግደል አልሆነለትም፤ መጨረሻውን ቀየረው። ኢቅባል ጥይት እየዘነበበት ይተርፋል። አክተር አይሞትም።

ዴሳይን በዚህ መውቀስ ይከብዳል፤ እኔም በቦታው ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ግድ ነው። በ«ማርድ» (1985)፣ በ«ሻሄንሻህ» (1988)፣ በ«ጋንጋ ጃሙና ሳራስዋቲ» (1988) ቁጣው አለ፤ ቁስሉ የለም። በዚህ በመጨረሻው ከአዞ ጋር ሲታገል እናየዋለን። «ሻሄንሻህ» ውስጥ ቀን ቀን ጉቦኛ ፖሊስ መስሎ ይውላል፤ ሌሊት ክንዱ ላይ ብረት ለብሶ ፍርድ ይሰጣል። ክሱም ምስክርነቱም ፍርዱም የእሱ ነው፤ እንደ ራቪ የሌላው ኃጢአት የአንተን አያስተሰርይም የሚለው የለም። እንዲህ ያለ ሰው ሊቆጣ አይችልም፤ የሚችለው መቅጣት ብቻ ነው። በመካከሉ በ1984 በአላሃባድ ተወዳድሮ ፓርላማ ገብቶ ነበር፤ በ1987 ለቀቀ። የወደብ ተሸካሚው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከራጂቭ ጋንዲ ጎን ቆሞ መታየቱ በስክሪኑ ላይ ያለውን ሰው አልለወጠውም ብሎ መከራከር ይከብዳል። ከሁሉም የሚከፋው ግን የደራስያኑ መለያየት ነው ባይ ነኝ። ሳሊምና ጃቬድ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ተለያዩ፤ «ሻክቲ» አብረው ከጻፉለት የመጨረሻዎቹ ነው። ተዋናዩ ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው፤ የሚሞግተውን ሰው የሚጽፍለት ግን አጣ።

«አግኒፓት» ከዚህ ለመውጣት የተደረገ ትግል ነው። ርዕሱን ያገኘው ከአባቱ ግጥም ነው። ሙኩል አናንድ ሲያዘጋጀው አሚታብ የታወቀውን ድምፁን ትቶ ሻካራ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ አወጣ። ተመልካቹ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ የተበላሸ መስሎት ቅሬታ አቀረበ፤ ድምፁም እንደገና ተቀዳ። የመጀመሪያውን የምርጥ ተዋናይ ብሔራዊ ሽልማት ያገኘው በዚህ ፊልም ነው። ሰውየው በፊልሙ መጨረሻ እናቱ ዘንድ ሄዶ ይሞታል። ሕዝብ ግን ያኔ የሚሞተውን አሚታብ አልፈለገም፤ ከአስራ አምስት ዓመት በፊት ያለቀሰለትን ሰው አሁን በገበያው ጣለው።

ዘጠናዎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ዕድሜው ለገፋ ሰው የወጣት ልብስ የሚያለብሱ ፊልሞች ናቸው፤ ያቋቋመው ኩባንያም ዕዳ ውስጥ ከተተው። በ2000 በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጅ ሆኖ ሲመለስ፣ ሸምግሎ መታየትን ተቀብሎ ነበር፤ ያዳነውም ይኸው ነው። «ባግባን» (2003) ልጆች የከዷቸውን አዛውንት ወላጆች ታሪክ ይነግረናል፤ ብዙ ቤተሰብ አልቅሶበታል፣ ልጆቹን ግን ሰው አድርጎ አልጻፋቸውም። «ብላክ» (2005) ማየትም መስማትም ለማትችል ልጅ መምህር የሆነበት ነው፤ ብዙዎች ቁንጮው አድርገው ያነሱታል። እኔ አልስማማም። ትዕይንቱ ሁሉ በጩኸት ጫፍ ላይ ነው፤ «ሻክቲ»ን ያየ ሰው ያ ሁሉ እጅ ማወናጨፍ ለምን እንዳስፈለገ ይጠይቃል።

«ፒንክ» (2016) ግን የቆየ ዕዳ ለመክፈል የመጣ ፊልም ይመስላል። ጥቃት ደርሶባቸው የተከሰሱ ሦስት ወጣት ሴቶችን ችሎት ፊት የሚከራከርላቸው ሽማግሌ ጠበቃ ነው፤ ሴት አይሆንም ካለች አይሆንም ነው የሚለውን ሐሳብ በዚያ ወፍራም ድምፁ ለሚሊዮኖች አደረሰ። ከአርባ ዓመት በፊት በፊልሞቹ ውስጥ ሴቶች ማገዶ እንደነበሩ ለሚያስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም እዚህም ሴቶቹ የሚሰሙት ታላቅ ወንድ ሲናገርላቸው ነው። ጥሩ ጅምር እንጂ መጨረሻ አይደለም።

በ2015 የወጣው የሹጂት ሲርካር «ፒኩ» ሁሉንም በሌላ ብርሃን ያሳያል። አሚታብ የሆድ ድርቀት የሚያስጨንቀው፣ ቀኑን ሙሉ ስለዚያ ብቻ የሚያወራ የሰባ ዓመት አባት ነው። ስሙ ባስኮር ባነርጂ ይባላል፤ በ«አናንድ» ውስጥ የነበረው ሐኪም ስም ነው። ይህ አባት ይቆጣል፤ በሠራተኛዋ ይቆጣል፣ በሹፌሩ ይቆጣል፣ ልጁ ልታገባ ስታስብ ይቆጣል። ቁጣው ማንንም አይጥልም፤ ብቻውን መቅረትን የሚፈራ ሽማግሌ ቁጣ ነው። ከዴልሂ በመኪና ኮልካታ ሄደው፣ አንድ ቀን ለማንም ሳይናገር ብስክሌት ይዞ በልጅነት ከተማው ጎዳናዎች ይዞራል። ተመልሶ ደስ ብሎት ይተኛል፤ በማግሥቱ አይነሳም። ጥይት የለም፣ ቤተ መቅደስ የለም፣ የእናት እቅፍ የለም። የአሚታብ ሞቶች ሁሉ ተደምረው ይህን አንድ ሞት ያህል እውነት አይመስሉኝም፤ ይህን ለመሞት ግን ከ1975 ጀምሮ ሲለማመድ የኖረ ተዋናይ ያስፈልግ ነበር።

በ2024 በወጣው «ካልኪ» ደግሞ አሽዋታማ ሆኖ መጣ፤ በጥንታዊው የሕንድ ገድል በማሃባራታ ላይ ለኃጢአቱ ቅጣት መሞትን የተነፈገ ጦረኛ። አለመሞት ሽልማት ሳይሆን እርግማን ነው የሚለውን ይህን ሐሳብ ፊልሙ እንደነገሩ ነክቶ ወደ ድብድቡ ይሮጣል። ሰማንያ ዓመት ያለፈውን ሰው በቴክኖሎጂ አጀግኖ ማጋደል ያስጨበጭብ ይሆናል፤ ለዚህ ተዋናይ ግን አያንሰውም ወይ?

አሚታብን ከልጆቻችሁ ጋር ልታዩ ካሰባችሁ በ«ሻሄንሻህ» አትጀምሩ። «ዲዋር»ን አስቀድሙ፤ በማግሥቱ «ሻክቲ»ን እዩ። መጨረሻው ላይ አባት በልጁ ላይ ይተኩሳል። ልጅ ሊሞት ሲል ሊጠላው ሞክሮ እንዳልቻለ ይነግረዋል፤ አባትም እወድሃለሁ ይለዋል። ልጅየውም ታዲያ ለምን አንድ ቀን አልነገርከኝም ብሎ ይጠይቀዋል። ፊልሙን እዚያ ላይ አቁሙና ልጆቻችሁ የሚሉትን ስሙ።